ከመጀመሪያ ልጅ በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል ለማራራቅ የትኛው የወሊድ መቆጣጠሪያ ይሻለኛል?

የማራኪ እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ጎንደር ማራኪ ሲሆን በመምህርነት እሠራለሁ። የመጀመሪያ ልጄ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ትምህርት ቤቱ ለቤቴ ቅርብ ስለሆነ በእረፍት ሰዓት እየመጣሁ አጠባታለሁ፤ እስካሁን ከጡት ሌላ ምንም አልሰጠኋትም፤ የወር አበባዬም አልተመለሰም። ባለቤቴ መተማ ስለሚሠራ በወር አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም በሁለት ወር አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። ሁለተኛ ልጅ እሱም እኔም እንፈልጋለን፤ ነገር ግን ይህችኛዋ ሦስት ዓመት ገደማ ሳይሆናት መውለድ አንፈልግም።

ጤና ጣቢያ በሄድኩ ቁጥር ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ይነግሩኛል፤ እኔም «አስቤበት እመለሳለሁ» እያልኩ እወጣለሁ። ያዘገየኝ ቸልተኝነት ሳይሆን ከየአቅጣጫው የምሰማው ነገር እርስ በርሱ አለመስማማቱ ነው። አማቴ «መርፌ ማህፀን ያደርቃል፤ አንድ ብቻ የወለደች ሴት ልትወጋው አይገባም» ይላሉ፤ ይህን የሚሉት ሌላ የልጅ ልጅ ለማየት ካላቸው ጉጉት እንደሆነ ስለማውቅ ቃላቸውን በቀላሉ ልገፋው አልቻልኩም። በክንዷ ያስቀበረች ጎረቤቴ ደሙ እየመጣ እየሄደ አስቸግሯታል። አብራኝ የምታስተምር ሴት ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን) አስገብታ ለዓመታት ምንም እንዳልተሰማት ትናገራለች፤ እናቴ ደግሞ ሉፕ ወደ ልብ ይወጣል ሲባል ሰምታ አጥብቃ ትፈራዋለች።

ሁለት ነገር ልጨምር። እርግዝናዬ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ክትትል ሲደረግልኝ ነበር፤ ከወለድኩ በኋላ ተስተካክሏል ተብያለሁ። በሚቀጥለው ዓመትም ወደ ደምቢያ በኩል ልዛወር ስለምችል በየጊዜው ጤና ጣቢያ መመላለስ ሊከብደኝ ይችላል። እንዲህ ላለች ሴት ከሁሉ የተሻለው የትኛው ነው? በሥራው ውስጥ ያላችሁም፣ ተጠቅማችሁ ያያችሁም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አዋላጅ ነርስ፣ አዘዞ

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ይህን ጥያቄ በሥራዬ በየዕለቱ ማለት ይቻላል እሰማዋለሁ፤ ለሁሉም ሴት የሚሆን አንድ መልስ ግን የለውም። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከባለትዳር ሴቶች 41 በመቶ የሚሆኑት ዘመናዊ ዘዴ ይጠቀሙ ነበር፤ 27 በመቶዎቹ መርፌን፣ 9 በመቶዎቹ በክንድ የሚቀበረውን ሲጠቀሙ ሉፕ ያስገቡት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙ ሴት መርፌን መያዟ መርፌ ላንቺም ይስማማል ማለት አይደለም፤ የሉፕ ተጠቃሚዎች ማነስም ሉፕን መጥፎ አያደርገውም። እኔ ሴቶችን የምጠይቀው ቀጣዩን ልጅ መቼ እንደሚፈልጉ፣ ያለባቸውን ሕመም፣ ከዚያም በሰውነታቸው ላይ ከሚመጡት ለውጦች የትኛውን ችለው መኖር እንደሚችሉ ነው። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ዘዴውን በጥቂት ወራት ውስጥ ጥለው ከሚመጡት ሴቶች አብዛኞቹን ያስመረራቸው ግን እሱ ነው።

ሳትደናገጪ እንድትመርጪ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፦ አሁን ያለሽበት ሁኔታ ራሱ መከላከያ ነው። ልጅሽ ስድስት ወር ካልሞላት፣ ከጡት ሌላ ምንም ካልቀመሰች፣ የወር አበባሽም ካልተመለሰ፣ እነዚህ ሦስቱ አብረው እስካሉ ድረስ በዚህ መንገድ ከሚጠነቀቁ 100 እናቶች የሚያረግዙት ከሁለት አይበልጡም። በጡት መካከል ያለው ጊዜ ቀን ከ4 ሰዓት፣ ሌሊት ከ6 ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል፤ ስለዚህ በእረፍት ሰዓት እየሄድሽ ማጥባትሽ ለልጅሽ ብቻ ሳይሆን ላንቺም ጠቅሞሻል። ከሦስቱ አንዱ በጎደለ ዕለት ግን፣ አያት ለሆድ ቁርጠት ብለው የአብሽ ውኃ ማጠጣት ቢጀምሩ እንኳ፣ በዚህ መተማመን ይቀራል። የወር አበባ ሳይታይ ማርገዝ እንደሚቻልም አትርሺ፤ እንቁላል የሚወጣው ከመጀመሪያው ደም በፊት ነውና። ስለዚህ ያለሽ ጊዜ አንድ ወር ገደማ ነው፤ ባለቤትሽ ከዚያ በኋላ ከመምጣቱ በፊት ወስነሽ ብትጠብቂው መልካም ነው።

አሁን ወደ አማትሽ ቃል ልምጣ። መርፌው ማህፀን አያደርቅም። ሆኖም አማትሽ ከባዶ አልተነሡም፤ የሦስት ወሩን መርፌ ያቆመች ሴት ለማርገዝ ከሌሎቹ ዘዴዎች ይልቅ ትዘገያለች፤ በአማካይ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ 10 ወር ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያም በላይ የሚቆዩ አሉ። ሳታረግዝ አንድ ዓመት የቆየችን ሴት ያየ ሰው «ደረቀች» ቢል አይገርምም፤ መድኃኒቱ ከሰውነት እስኪወጣ ነው እንጂ ማህፀኑ አልተጎዳም። መርፌ ላይ ሳሉ የወር አበባ መጥፋቱም ደሙ በማህፀን ውስጥ ይጠራቀማል ማለት አይደለም፤ የማህፀኑ ግድግዳ ስለማይወፍር የሚፈስ ነገር የለም። ይህን እንዳስረዳኋቸው እፎይ ብለው የሚሄዱ ሴቶች ብዙ ናቸው። ሦስት ዓመት አራርቀሽ ወዲያው ማርገዝ የምትፈልጊ ከሆነ ግን ይህን መዘግየት በሒሳብሽ ውስጥ አስገቢው። ክብደትም በዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ሊጨምር ይችላል።

ለመዛወር ካሰብሽ መርፌ በየ13 ሳምንቱ ቀጠሮ ይጠይቃል። ከቀጠሮው እስከ ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ እስከ አራት ሳምንትም ዘግይቶ መውሰድ ይቻላል። በኛ አቆጣጠር ሦስት ወር 90 ቀን ነው፤ ጳጉሜን በመካከል ስትገባ ሐምሌ ተወግታ ጥቅምት የምትመለሰዋ አምስት ቀን ያህል ይጨምርባታል፤ በዚህ የሚደነግጡ ሴቶች አጋጥመውኛል፤ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

በክንድ የሚቀበሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዷ የክብሪት እንጨት የምታክለዋ ኢምፕላኖን ለሦስት ዓመት፣ ባለ ሁለቱ ጃዴል ደግሞ ለአምስት ዓመት ያገለግላሉ። ክንዱ በማደንዘዣ ደንዝዞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የምታስታውሺው ነገር የለም። ከ1000 ሴቶች በዓመት አንዷ ብታረግዝ ነው፤ ሲወጣም የመውለድ አቅም ወዲያው ይመለሳል። ለምታጠባ እናት ይሆናል። ችግሩ ጎረቤትሽን ያስመረራት ነው፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ደሙ ቀኑን ሳይጠብቅ ሊመጣ፣ ሊንጠባጠብ ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ለጤና አደገኛ አይደለም፤ ሲበረታም የሚቀንስ መድኃኒት ስለሚሰጥ ዝም ብሎ መቻል አያስፈልግም።

ሉፕ ወደ ልብ አይወጣም፤ ከማህፀን ወደ ልብ የሚያደርስ መንገድ የለም። ሲገባ ማህፀንን የመብሳት አደጋ አለ፤ ነገር ግን በሠለጠነ ሰው እጅ እጅግ ጥቂት ነው። የመዳብ ሉፕ ሆርሞን የለውም፤ ጡት ወተትንም ሆነ የደም ግፊትን አይነካም፤ ከ10 ዓመት በላይ ይሠራል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ልውለድ ብትዪም በዚያው ቀን ይወጣል። ከ100 ሴቶች በመጀመሪያው ዓመት የምታረግዘው አንድ እንኳ አትሞላም። የሚያስከትለው በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት የወር አበባ መብዛትና ቁርጠት ነው፤ የደም ማነስ ካለብሽ ይህን አስቀድመሽ ተናገሪ።

ስለ ኪኒን አላረዝምም። ሁለት ሆርሞን ያለበት የተለመደው ኪኒን ለምታጠባ እናት ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው አይመከርም፤ ግፊቷ 140/90 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሴትም አይሰጥም። ለምታጠባ የሚሆን አንድ ሆርሞን ብቻ ያለው ሌላ ኪኒን አለ፤ እሱም በየቀኑ በሰዓቱ መዋጥ አለበት። በተለመደው አጠቃቀም ኪኒን ከሚወስዱ 100 ሴቶች በዓመት ሰባት ያህሉ፣ መርፌ ከሚወጉት አራት ያህሉ፣ በኮንዶም ብቻ ከሚጠነቀቁት 13 ያህሉ ያረግዛሉ። ግፊትሽ አሁን ስንት እንደሆነ ሳትለኪ ምንም አትጀምሪ።

የሁለት ልጆች እናት፣ አራዳ

እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ነርሷ የምትችዪውን ለውጥ ምረጪ ያለችውን በራሴ ስላየሁት ልጨምርበት።

ከመጀመሪያ ልጄ በኋላ የአምስት ዓመቱን አስቀብሬ ነበር። ስለ ደሙ ተነግሮኝ ነበር፤ «ይዛባል፣ ግን አያሳስብም» ተብዬ ነው የገባሁት። ለሐኪም አያሳስብ ይሆናል፤ እኔ ግን የማስቀድስና ሥጋ ወደሙ የምቀበል ሴት ነኝ። በደም ወቅት ወደ ቤተ መቅደስ ስለማልገባ፣ ሊቆም ነው ስል ሲመለስ፣ በርቀት ከውጭ ቆሜ የማስቀድስበት እሑድ በዛብኝ። ፍልሰታን ጾሜ፣ ሱባዔውን ይዤ ልቆርብ ባሰብኩበት ዋዜማ ምሽት ትንሽ ጠብታ ታየኝና ቀረሁ፤ ነጠላዬን አጥፌ መልሼ ሳጥን ውስጥ ሳስቀምጥ አልቅሻለሁ። አንዲት ሙስሊም ጎረቤቴም በሶላትና በረመዳን ጾም ምክንያት ይኸው ጭንቀት እንዳለባት ነግራኛለች። ይህን ማንም ባለሙያ ጠይቆኝ አያውቅም፤ በጎንደር ላለች ሴት ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ይመስለኛል። አንቺም በዚህ የምትቸገሪ ከሆነ ለነርሷ በግልጽ ተናገሪ፤ የንስሐ አባትሽንም አማክሪ።

ሌላው ማስወጣቱ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ጤና ተቋም «አምስት ዓመቱ ሳይሞላ አይወጣም» ብሎ መለሰኝ። እንዲህ የሚል ደንብ የለም፤ ሴቲቱ በፈለገች ጊዜ ማስወጣት መብቷ ነው፤ ምክንያት ማቅረብም አይጠበቅባትም። ወደ ሌላ ተቋም ሄጄ በትንሽ ቀዳዳ አወጡልኝ፤ ጠባሳውም ዛሬ በደንብ ካላዩት አይታይም። ስለዚህ ከማስቀበርሽ በፊት «ብፈልግ ነገ ታወጡልኛላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ፤ መልሱን ስትሰሚ ስለ ቦታው ብዙ ትረጃለሽ።

ከዚያ በኋላ ሉፕ አስገባሁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደሙ በዝቶ፣ ወገቤንም ቆርጦኝ ነበር፤ የሚመጣው ግን በቀኑ፣ የሚሄደውም በቀኑ ነው፤ ስለዚህ የምቆርብበትን ጊዜ አውቄ መዘጋጀት ቻልኩ። ሁለተኛ ልጅ ስንፈልግ አስወጥቼው ብዙም ሳልቆይ አረገዝኩ። ያንኑ በክንድ የሚቀበረውን የያዘችው እህቴ ግን አንድም ቀን ደም ሳታይ፣ ተመችቷት ትኖራለች፤ ስለዚህ የእኔን ሰምተሽ እንዳትፈሪው፤ የሰው ሰውነት አንድ አይደለም።

ሹፌር ነኝ፣ ከጎንደር

የተከበሩ እህቴ፣ እኔም እንደ ባለቤትዎ ከቤቴ ርቄ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ በወንድ በኩል ያለውን ልናገር። መርፌውም፣ ሉፑም፣ በክንድ የሚቀበረውም እርግዝናን እንጂ ኤችአይቪንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን አይከላከሉም፤ ከእነዚህ የሚጠብቀው ኮንዶም ነው። ባልና ሚስት ተራርቀው ሲኖሩ አብሮ መመርመር መተማመንን አያጎድልም፤ እኔና ባለቤቴ አብረን ተመርምረን ስንወጣ ይበልጥ ተቀራርበናል። ባለቤትዎ ሲመጣ አብሮዎት ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ደግሞ እናቱን እሱ ራሱ ማስረዳት ይችላል፤ አማት ከምራት ይልቅ ከልጃቸው ሲሰሙት ይቀላቸዋል። ልጅ በቃን ላሉ ባልና ሚስት ደግሞ ለወንድም ቋሚ ዘዴ አለ፤ በቀላል ቀዶ ሕክምና የዘር ቱቦው ይቋጠራል፤ ሙሉ በሙሉ የሚሠራውም ከሦስት ወር በኋላ ነው። የወንድ አቅምን አይቀንስም፤ እናንተ ገና ሁለተኛ ልጅ ስለምትፈልጉ ግን ለእናንተ የሚሆን አይደለም።

ፋርማሲስት፣ ፒያሳ

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ስለ መድኃኒቶች ብቻ ልጨምር። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን፣ እንዲሁም ኤፋቪሬንዝ የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት በክንድ የሚቀበረውንና ኪኒንን ያዳክማሉ፤ አሁን በስፋት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ግን ይህ ችግር የለበትም። የሦስት ወሩን መርፌና የመዳብ ሉፕን እነዚህ መድኃኒቶች አያዳክሟቸውም። አሞክሳሲሊንን የመሳሰሉ የተለመዱ አንቲባዮቲኮችም የወሊድ መቆጣጠሪያን ስለማይነኩ በዚህ አይጨነቁ። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ስሙን ወይም ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ።

ፖስት ፒልን በተመለከተ፣ ባል በድንገት ሲመጣ ብቻ እየገዙ በእሱ የሚኖሩ ደንበኞች አሉ፤ ይህን አልመክርም። እንክብሉ ለድንገተኛ ጊዜ የተሠራ ነው፤ ቶሎ በተወሰደ ቁጥር የተሻለ ይሠራል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ መውሰድ ይመረጣል፤ እስከ አምስት ቀንም ሊረዳ ይችላል። ለምታጠባ እናት ጉዳት የለውም፤ ይሁን እንጂ መደበኛ ዘዴዎቹን ያህል አይከላከልም፤ ደጋግሞ መውሰድም የወር አበባን ያዛባል። ኮንዶም የተቀደደባት ወይም ሳትዘጋጅ የቀረች ሴት በአምስት ቀን ውስጥ የመዳብ ሉፕ ብታስገባ ከእንክብሉ የበለጠ እርግጠኛ ነው፤ መከላከያውም በዚያው ይቀጥልላታል። አንድ ነገር ልለምን፦ የጎረቤት ኪኒን ተካፍሎ መዋጥ ይቅር። ለእሷ የተስማማው ግፊት ላለበት፣ ከባድ የማይግሬን ራስ ምታት ላለበት ወይም ደም በሥሯ ረግቶ ለሚያውቅ ሴት አደጋ ሊሆን ይችላል።

የማራኪ እናት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ግፊቴን ስለካ 110/70 ሆነ፤ የደም ማነስም የለብሽም ተብያለሁ። የአራዳዋ እህቴ ያለችው ልቤን ነክቶታል፤ እኔም የማስቀድስ ሴት ነኝና ይህን ጉዳይ ከሌላው ሁሉ ለይቼ አስቤበት አላውቅም ነበር። ለባለቤቴ በስልክ ነግሬው ለእናቱ እሱ ሊያስረዳ ተስማምቷል። ልቤ ወደ ሉፕ አድልቷል፤ በክንድ የሚቀበረውንም ግን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ የወር አበባዬ እስኪመለስ ድረስ መጠበቅ አለብኝ ወይ? ብዙ ሴቶች ደም ሳይታይ አይሰጡም ይላሉ። ብዛወርስ፣ በሄድኩበት ገጠር የሚያወጣልኝ አገኛለሁ?

አዋላጅ ነርስ፣ አዘዞ

መጠበቅ የለብሽም። ደም ሳይታይ አይሰጥም የሚባለው እርጉዝ አለመሆን የሚረጋገጥበት ሌላ መንገድ እንደሌለ ሲታሰብ ነው። አንቺ ልጅሽ ከስድስት ወር በታች ናት፣ ጡት ብቻ ነው የምትጠባው፣ የወር አበባሽም አልመጣም፤ ይህ ብቻውን እርጉዝ እንዳልሆንሽ በቂ ማስረጃ ስለሆነ ከሁለቱ የመረጥሽውን በዚህ ሳምንት መጀመር ትችያለሽ። ሉፕ ከወሊድ በኋላ አራት ሳምንት ካለፈ ይገባል፤ አንቺ ይህን ካለፍሽ ቆይተሻል። በክንድ የሚቀበረውንም ሦስቱ ሁኔታዎች ሳይጎድሉ ካስቀበርሽ ተጨማሪ መከላከያ አያስፈልግሽም፤ ልጅሽ ስድስት ወር ካለፋት ወይም ሌላ ምግብ ከጀመረች በኋላ ከሆነ ግን መጀመሪያ እርጉዝ አለመሆንሽ ይረጋገጣል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናትም ኮንዶም ጨምሩበት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ሁሉም በነጻ ነው።

ስለ መዛወርሽ፣ በጤና ኬላ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖንን እንዲያስገቡ ሠልጥነዋል፤ ለማስወጣትና ለሉፕ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድን አስቢ። ያስገባሽበት ቀን፣ ዓይነቱና የሚያበቃበት ዓመት የተጻፈበትን ካርድ ከልጅሽ የክትባት ካርድ ጋር አንድ ላይ አስቀምጪው፤ ባለሙያ ሲቀያየር ወሬሽን የሚናገርልሽ እሱ ነው።

ሉፕ ካስገባሽ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ለምርመራ ተመለሺ። ከዚያ በፊትም ይሁን በኋላ ከባድ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ከሉፑ የሚንጠለጠለው ክር እንደወትሮው አለመሆኑን ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ክንድሽን ከመረጥሽ ደግሞ ቦታው ቢቀላ፣ ቢያብጥ ወይም መግል ቢይዝ በዚያው ዕለት ነይ። ሄደሽ ስትቀመጪ ከሁሉ አስቀድመሽ ቀኑን ሳይጠብቅ የሚመጣ ደም እንደሚከብድሽ ተናገሪ፤ አብራሽ የምትወስነው ነርስ ከዚያ ትነሳ።